የክበባችን አዳራሽ

እሑድ ከሰዓት በኋላ የጡረተኞች ክበባችን ጠቅላላ ጉባኤ ስለ አዳራሹ ሲከራከር ቆይቶ፣ ሳይወስን ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ተቀመጥሁ።

የኮሚቴው ሐሳብ ግልጽ ነው። ወደ መንገድ የሚያየው ትልቁ አዳራሽ ለካፌ ይከራያል፤ የከረምቡላው ጠረጴዛ ይሸጣል፤ እኛ ደግሞ ከጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ቴሌቪዥን ተገዝቶልን እንሰበሰባለን። ምክንያታቸውን አቅልዬ አላየውም። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ከበሳው ቆይቷል፤ ባለፈው ሐምሌ የጠረጴዛውን አረንጓዴ ጨርቅ ላስቲክ አልብሰን፣ ወለሉ ላይ በሦስት ቦታ ባልዲ ደቅነን ዝናቡ እስኪያባራ ቆመን ጠብቀናል። በወር የምናዋጣት ገንዘብ ይህን ጣሪያ አታድስም።

ሆኖም ተቃወምሁ። አንዳንዶች ጠረጴዛው ቅርስ ነው ብለው ተከራክረዋል። ከረምቡላ ከጣሊያን የመጣ ጨዋታ ነው፤ ወራሪው ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ የቆየበትን ዘመን እያነሣሁ ጠረጴዛ ይቅርልኝ ለማለት ግን ልቤ አልፈቀደም። ተነሥቼ የተናገርሁት ስለ ወዳጅነትና ስለ ትዝታ ነበር። አሁን ሳስበው መናገር የነበረብኝ ስለ ሒሳብ ነው። በ2008 ዓ.ም. በ60 ዓመቴ ጡረታ ስወጣ 35 ዓመት አገልግያለሁ። በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ታስቦ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዜ 61.25 በመቶ ተወሰነልኝ። በዚህ ገንዘብ ቤት የሚያስተዳድር ሰው፣ በቡና አገር እየኖረም ቢሆን፣ በየቀኑ ካፌ ገብቶ አንድ ስኒ አዝዞ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሊቀመጥ አይችልም። አስተናጋጁ ምንም ባይናገር እንኳ ይሉኝታ ያስነሣዋል። አዳራሻችን ምንም ሳይገዙ የሚውሉበት ቤት ነው፤ ከተከራየ እንዲህ ያለ ሌላ ቤት የለንም።

ጨዋታውም በጥንድ ስለሆነ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ዓምና አንድ የቀድሞ የደን ባለሙያ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ጓደኛው «ይህ ሰው ደኅና ቢሆን ኖሮ አይቀርም ነበር» ብሎ በባጃጅ ወደ ጅሬን ወጣ። ብቻውን በሚኖርበት ቤት ወድቆ፣ ዳሌው ተጎድቶ፣ ከአልጋው ሥር አገኘው። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ቴሌቪዥን አዙረን የምንቀመጥ ብንሆን ኖሮ መቅረቱን ማን ልብ ይለው እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ ልቤ ሞልቶ ሳለ፣ በጡረታ ላይ ያሉ አንዲት አዋላጅ ነርስ ተነሡ። «ወንድሞቼ፣ አዳራሹ የሁላችን ነው ትላላችሁ። እኔ ስድስት ዓመት አባል ነኝ፤ አንድ ቀን ‹እትዬ፣ ይምጡ ይጫወቱ› ያለኝ የለም። በርጩማ ላይ ተደርድረን እናንተን ስናይ ቆይተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ዕቃ ቤቱም ቢሆን ለእኛ ለሴቶቹ የራሳችን ቦታ ይሆነናል» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ያሉት እውነት ነው፣ ከዝምተኞቹም አንዱ እኔ ነበርሁ።

ሰኞ ጠዋት ይቅርታ ጠይቄያቸው አዳራሹን አብረን በእርምጃ ለካነው። ርዝመቱ ሃያ ሁለት እርምጃ ሲሆን፣ ጠረጴዛው መሐል ላይ በመቆሙ ግማሹ ቦታ ለዝውውር ብቻ ይባክናል። ወደ ጓዳው ግድግዳ ቢጠጋ በመስኮቱ በኩል ለቡና ማፍያ፣ ለገበጣና ለካርታ የሚበቃ ሰፊ ቦታ ይተርፋል። ለኪራይ ደግሞ ዕቃ ቤቱ ራሱ ወደ ጎን መንገድ በር ቢከፈትለት ለልብስ ሰፊ ወይም ለትንሽ ሱቅ ይሆናል። ገቢው ከካፌው እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ጣሪያው በአንድ ክረምት ሳይሆን በሁለት ቢታደስ ግን እኔ በበኩሌ ባልዲ ለመደቀን ፈቃደኛ ነኝ። እትዬ በዕቃ ቤቱ ጉዳይ ገና አልተስማሙም፤ ሴቶቹን ሳያማክሩ ቃል እንደማይሰጡ ነግረውኛል። እስከ ቀጣዩ ስብሰባ እሳቸው ሴቶቹን ሊያነጋግሩ፣ እኔ ደግሞ ሕርማታ ገበያ ወርጄ የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ ልጠይቅ ተስማምተን ተለያየን።