ለአይልትስ ሊስኒንግ የሚዘጋጅ ሰው ጊዜውን የት ያውለው?

አይልትስ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ መለኪያ ነው፣ ሊስኒንግ ደግሞ በውስጡ ያለው የማዳመጥ ፈተና። ብዙ ተፈታኞች በየቀኑ አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና ይሠራሉ፣ ከ40 ስንት እንዳገኙ ይቆጥራሉ፣ በማግሥቱ ሌላ ይከፍታሉ። ወር አልፎ ወር ሲተካ ውጤቱ ያው ነው። ይህን ድካም ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ፈተና መሥራት ያለህን ይለካል እንጂ ጆሮ አያሠለጥንም። ጆሮ የሚሠለጥነው መልስ ከታረመ በኋላ ባለው ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ደብተሩን የሚዘጋው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ፈተናው አራት ክፍልና 40 ጥያቄ አለው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ድምፁም አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው። ክፍል 1 የሁለት ሰዎች ተራ ንግግር ነው፦ ኪራይ፣ ቀጠሮ፣ ምዝገባ። ክፍል 2 የአንድ ሰው ገለጻ፣ ክፍል 3 የትምህርት ውይይት፣ ክፍል 4 ሌክቸር ነው። ክፍሎቹ እየከበዱ ቢሄዱም የሁሉም ጥያቄ ዋጋ እኩል አንድ ነጥብ ነው። ከ40ው 30 ያህል የመለሰ እስከ 9 በሚደርሰው የአይልትስ ውጤት 7፣ 23 ያህል የመለሰ 6 ያገኛል። በእንግሊዝ አገር ለመመዝገብ የሚፈልግ ነርስ ሊስኒንግ ላይ 7 ስለሚጠየቅ፣ መሳት የሚችለው አሥር ገደማ ጥያቄ ነው። ከሌክቸሩ ጋር ሲታገል ከርሞ በቀላሉ ክፍል 1 ላይ ሦስት አራት ነጥብ መጣል በጣም ያስቆጫል።

እነዚያ ነጥቦች የሚወድቁበት ቦታ ደግሞ ይታወቃል። አንዱ የብዙ ቁጥር ኤስ ነው። በአማርኛ «ሦስት ቀን»፣ «አምስት ብር» ስለምንል ቁጥሩ ከተነገረ ስሙ ባይበዛም አይጎረብጠንም፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን ‹ቲኬትስ› ተብሎ ‹ቲኬት› የጻፈ ዜሮ ነው። ሌላው የፊደል ስም ነው። ስም በፊደል ሲነገር ‹ኢ› (E) ስንሰማ እጃችን ‹አይ›ን (I) ይጽፋል፣ ‹ኤ› (A) ስንሰማ ‹ኢ›ን (E) ይጽፋል፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ የለመድነው እንደዚያ ነውና። ጂ እና ጄም እንዲሁ ይምታታሉ። ሰዓትም አለ። ‹ሃፍ ፓስት ሰቨን› ሲባል አእምሯችን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይመልሰዋል፤ ያ ቅጽበት ሲያልፍ የሚቀጥለው መልስ አብሮ ያልፋል። መፍትሔው የሰሙትን ሳይተረጉሙ እንዳለ 7:30 ብሎ መጻፍን ማስለመድ ነው። ‹ሰርቲን› (13) እና ‹ሰርቲ›ን (30) የሚለያቸው የድምፁ ጫና ነው፤ በመጀመሪያው መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ በሁለተኛው መጀመሪያው ላይ። ስልክ ቁጥር ላይ ‹ደብል ፎር› 44፣ ‹ኦ› ደግሞ ዜሮ መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። አንድ ክፍል ብቻ ይመረጥ፣ ለምሳሌ ክፍል 3። መጀመሪያ ሳያቆሙ አንዴ መስማትና መመለስ። ቀጥሎ የመልሱን ቁልፍ ሳያዩ ደግሞ መስማትና የተቀየረውን በሌላ ቀለም መጻፍ። ከዚያ በኋላ ብቻ ማረም። ለእያንዳንዱ ስህተት ከጎኑ ምክንያቱ ይጻፍ፦ ቃሉን አላውቀውም፣ አውቀዋለሁ ግን በጆሮ አልለየሁትም፣ ሰምቼ አጻጻፉን ሳትሁ፣ ወይም ጥያቄውን ሳነብ ንግግሩ አመለጠኝ። አራቱ የተለያየ መድኃኒት አላቸው። የመጀመሪያው ቃል ማጥናት ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ‹አኮሞዴሽን› ያሉትን (ሁለት ሲ፣ ሁለት ኤም) በእጅ ደጋግሞ መጻፍ። አራተኛው የንባብ ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። መልሱ ያለበትን ሃያ ሰከንድ ቆርጦ፣ እያቆሙ፣ ቃል በቃል መጻፍ፤ ከዚያ ከንግግሩ ጽሑፍ ጋር ማስተያየት። እዚህ ላይ ነው ‹ፒክ ኢት አፕ› የሚለው ‹ፒኪታፕ› ሆኖ እንደተነገረ፣ ‹ካር ፓርክ› በእንግሊዞች አፍ አር የሌለው ‹ካ ፓክ› እንደሆነ፣ በአውስትራሊያዊ አፍ ‹ቱዴይ› ወደ ‹ቱዳይ› እንደሚጠጋ የሚገለጠው። የጻፉትን መስመር ድምፁን እየተከተሉ በራስ አፍ ማለት ደግሞ ያጸናዋል። ድምፁን ማዘግየት አልመክርም፤ የፈተናው ሰው አይዘገይልንም፣ የቃላቱም መያያዝ መልኩን ያጣል። ሃያ ሰከንድ በዚህ መንገድ ሠርቶ መጨረስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም አይቆጭም።

ፈተናው ሆን ብሎ የሚያጠምድበትም ቦታ አለ። ተናጋሪው መጀመሪያ ማክሰኞ ይልና ‹ኖ፣ ሶሪ› ብሎ ወደ ሐሙስ ይቀይረዋል፤ መልሱን የቸኮለ ማክሰኞን ይዞ ይቀራል። ክፍል 3 ላይ ሦስቱም ምርጫዎች በንግግሩ ውስጥ ሊነሱ ይችላሉ፤ የጥያቄውን ቃል እንዳለ መስማት ለመምረጥ አይበቃም፣ ትክክለኛው ብዙ ጊዜ በሌላ አነጋገር ነው የሚመጣው። የቃል ገደቡም በየጥያቄው መመሪያ ላይ አለ፤ ከሁለት ቃል አይብለጥ ተብሎ ሦስት ከተጻፈ ነጥቡ የለም።

ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ መልስ ማያ ተብሎ የሚሰጠውን ጊዜ የሚቀጥለውን ክፍል ጥያቄ ለማንበብ ማዋል ይሻላል፣ በተለይ ከክፍል 4 በፊት፤ እሱ መሃሉ ላይ እረፍት የለውም። በወረቀት የሚፈተን መጨረሻ ላይ ወደ መልስ ወረቀቱ መገልበጫ 10 ደቂቃ አለው፤ በኮምፒውተር የሚፈተን ግን ለማየት ያህል 2 ደቂቃ ብቻ ስለሚያገኝ አጻጻፉን እየሰማ ማስተካከል አለበት። አንድ መልስ ካመለጠ ትቶ ወደሚቀጥለው ቁጥር መሄድ፤ አንዱን ሲያሳድዱ ሦስት ያልፋል። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ግን ወረቀቱ ከመሰብሰቡ በፊት ባዶ የቀረው ሁሉ በግምትም ቢሆን ይሞላ።