በካያክ ወደ ጥቁር ውሃ፣ ፊላው ውስጥ

ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ሐይቁን ግን እስከዚህ ጥቅምት ድረስ የማውቀው ከዳር ሆኜ ነው። ፍቅር ሐይቅ ላይ ወክ፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የሞተር ጀልባ፣ በቃ። አባ ኮዳዎቹን በየቀኑ ስለማያቸው የሐይቁን ወፍ ሁሉ ያየሁ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የተቀየረው ጓደኛዬ ሁለት ሰው የሚይዝ የፕላስቲክ ካያክ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ፣ መኪና ጣሪያ ላይ አስሮ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ነው። "ጥቁር ውሃ እንሂድ፣ ፊላው ውስጥ እንግባ" አለኝ።

ከሻሸመኔ ስትመጡ ሐዋሳ ልትገቡ ስትሉ ድልድዩን የምትሻገሩት ወንዝ ነው ጥቁር ውሃ። ክረምት ከበጋ ሳይደርቅ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ላይ ይሰበሰቡና ጥቁር ውሃ ሆነው ይወጣሉ። ጨለለቃ ራሱ ድሮ ሐይቅ ነበር። ደለል ሞላውና አሁን ብዙው ቦታ ከብት የሚግጥበት ሣር ሆኗል። አባቴ በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር በመኪናው መስኮት እያሳየ "እዚህ ድረስ ውሃ ነበር" ይለኛል። እኔ ሣር ብቻ ነው የሚታየኝ።

ብቻችንን አልገባንም። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ ወንዙ የሚገባበት አካባቢ ደግሞ ዋናው ሰፈሩ ነው። ስለዚህ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ለመንን። ጋሼ ነው የምንላቸው። የራሳቸውን የእንጨት ጀልባ እየቀዘፉ ከፊት ሊመሩን ተስማሙ። ከመነሳታችን በፊት ላይፍ ጃኬታችንን አንድ በአንድ እየሳቡ አዩት። የእኔ የላላ ነበር፣ ራሳቸው አጠበቁልኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ነበርን። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ለካያክ አይመችም። ጠዋት ግን ሐይቁ እንደ ዘይት ነው፣ ታቦር ተራራ ተገልብጦ ውሃው ላይ ይታያል።

ካያክ ላይ ስትቀመጡ ከውሃው እኩል ናችሁ ማለት ይቻላል። እጃችሁን ዘርጋ ካደረጋችሁ ሐይቁን ትነካላችሁ። ሞተር የለም፣ ጭስ የለም፣ የሚሰማው ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። ፊላው አጠገብ ስንደርስ መጀመሪያ የመጣብን ሽታው ነው፣ የጭቃና የእርጥብ ሣር ሽታ። ከዚያ ድምፁ። ከውጭ ሳየው ባዶ የሚመስለኝ የነበረው ያ ሁሉ ፊላና ደንገል ውስጡ ገበያ ነው፣ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይመልሳል፣ አንዱ ውሃ ውስጥ ዘሎ ይገባል፣ እናንተ ግን ግማሾቹን እንኳ አታዩአቸውም።

ጋሼ ዓሣ አጥማጆች በሚያልፉበት ጠባብ መንገድ አስገቡን። ኪንግፊሸር የምትባል አንዲት ትንሽዬ ዓሣ በል ወፍ፣ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ መንቆሯ ብርቱካናማ፣ ከካያካችን ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት የታጠፈ ፊላ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቁልቁል ውሃውን እያየች። ትንፋሽ ያዝን። ጠብ አለች፣ በዓይን ሳንከተላት ተመልሳ ያንኑ ፊላ ላይ ነበረች፣ አፏ ላይ ጣት የማታክል ዓሣ ይዛ። ዓሣዋን ፊላው ላይ ሁለት ሦስቴ መታቻትና ዋጠቻት።

ግን የዚያን ቀን ልቤን የወሰደው ጃካና የሚባለው ወፍ ነው። ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፣ ክብደቱን ስለሚበትኑለት የውሃ አበባ ቅጠል ላይ እንደ ምንጣፍ ይራመዳል። ጋሼ መቅዘፊያቸውን አግድም ይዘው ቁሙ አሉን። አንድ ጃካና ቅጠሎቹ ላይ እያቀረቀረ ይለቅማል፣ ከኋላው አራት ጫጩቶች፣ እግር ብቻ የሆኑ። ድንገት ከላይ የዓሣ ንስር ጥላ አለፈ። ጃካናው በርከክ አለ። ጫጩቶቹ ሮጠው ክንፉ ስር ገቡ፣ እሱም አቅፏቸው ተነሳና መራመድ ጀመረ። ከክንፎቹ ስር የሚታየው የተንጠለጠሉት የጫጩቶቹ እግር ብቻ ነበር!

"እናታቸው ናት?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አባት ነው" አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው። ከጃካና ዕንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቱን የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ሴቷ ትልቅ ናት፣ ግዛቷን ትጠብቃለች፣ ከአንድ በላይ ባልም ይኖራታል። ይህን ድሮ አንብቤው ነበር። ማንበብና አራት ጥንድ እግር ተንጠልጥሎ ማየት ግን ለየቅል ነው። ጓደኛዬ ካሜራውን ይዞ ነበር፣ አላነሳውም። በኋላ ለምን ስለው "ረሳሁት" አለኝ።

ከፊላው ወጥተን ወንዙ ወደሚገባበት ስንጠጋ ጋሼ ጸባያቸው ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ዝም በሉ ሲሉን የነበሩት ሰውዬ የጀልባቸውን ጎን በመቅዘፊያው ኳ ኳ ማድረግ ጀመሩ። ግራ ገባን።

"ለወፍ ዝም ይባላል። ጉማሬ ግን የት እንዳለህ ማወቅ አለበት። እንዳታስደነግጠው" አሉ።

ከዚያ ደግሞ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱን። ጉማሬ ብዙውን ጊዜ አይዋኝም፣ የውሃውን ወለል እየረገጠ ነው የሚሄደው። 5 ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ከስር ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ አላየሁትም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሲፈራ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ውሃ ነው፣ በእሱና በጥልቁ ውሃ መሃል ከገባችሁ አለቀ። ፊላው ውስጥ እንደ ዋሻ የተከፈተ ሰፊ መንገድ ካያችሁ ማታ ለግጦሽ የሚወጣበት ነውና ዝር እንዳትሉ። አንድ ትልቅ ወንድ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የእኛ ካያክ እኛን ጨምሮ 200 ኪሎ አይሞላም።

ሩቅ ቆምን። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ያ ትንፋሽ፣ ፉፉ ብሎ ውሃውን ወደ ላይ ሲተፋው። አምስት ቆጠርን፣ አንዷ ግልገል አላት። ጆሯቸውን እያሽከረከሩ አዩን። አየናቸው። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት ስላየሁት ነገርም ነው። የክፍለ ሀገር ዘመዶቼን ይዤ በሞተር ጀልባ ጉማሬ ላሳይ ወጥቼ ነበር። ነጂው ሞተሩን እያስጮኸ መንጋው ላይ ነዳው፣ ጠልቀው ሲወጡ ዞሮ ሌላ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጊዜ። እናቲቱ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ፊላው ስታስጠጋ አይቻለሁ። ሁላችንም ፎቶ እያነሳን ነበር። ተው አላልኩም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ባለ ጀልባዎቹ ኑሯቸው ነው፣ ይገባኛል። ግን "ራቅ በል፣ ሞተሩን አጥፋው" ማለት የተሳፋሪው መብት ነው፣ ስንል ደግሞ ይሰሙናል። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ብዬ ሁለቴም አጥፍተውልኛል።

ስንመለስ ፊላው ጥግ የተጣለ የናይለን መረብ አገኘን። ኮርሞራንት፣ ያ ጥቁሩ ጠላቂ ወፍ፣ አንገቱንና አንድ ክንፉን ይዞታል። ጋሼ ጃኬታቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጣል አደረጉበትና በቢላ ክሩን እየመረጡ ቆረጡ። ክሩ ላባውን አልፎ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ሲለቁት ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ጠለቀ። መረቡን ሰብስበን ካያኩ ላይ ጫንነው፣ እርጥብ ሲሆን ከምታስቡት በላይ ይከብዳል።

ሐዋሳ ሐይቅ በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው፣ መረቡም፣ ፕላስቲኩም፣ ደለሉም፣ በጥቁር ውሃ በኩል የሚመጣው የፋብሪካ ፍሳሽም። ከዚህ ሁሉ ጥቂቱንም ቢሆን ሐይቁ ከመድረሱ በፊት የሚይዘው ይሄ ረግረግና ፊላ ነው። ፊላው ተነቅሎ ዳሩ ሲጸዳ "አማረ" የምንል ሰዎች አለን። እኔም እል ነበር። አሁን ጃካናው የት ይሄዳል ነው የምለው።

3 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር ወጣን። ክንዴ ዝሏል፣ ሱሪዬ እስከ ወገቤ ርሷል። ለታናሽ እህቴ ስለ ጃካናው ነገርኳት፣ አላመነችኝም፣ "ከነእግራቸው?" እያለች ሦስቴ አስደገመችኝ። እሷን ልወስዳት ስለፈለግኩ ትናንት ለጋሼ ደወልኩላቸው። ጫጩቶቹ አሉ ወይ አልኳቸው።

"አሉ፣ ዛሬ ጠዋት አይቻቸዋለሁ። ሦስት ናቸው" አሉኝ።

አራት ነበሩ። ትንሽ ዝም አልኩ። "አባትየውስ?"

"እሱማ የት ይሄዳል፣ አለ።"

ቅዳሜ 12 ሰዓት ተቀጣጥረናል። ለእህቴ ላይፍ ጃኬት ተውሼላታለሁ፣ ማጥበቂያውንም አይቼዋለሁ።