ደመናውን ስገፍ ጤፉ ጠፋብኝ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት። ከኮንዶሚኒየማችን ላይ ሲታይ በአንድ በኩል ግንባታ፣ በሌላ በኩል የጤፍ ማሳ ነው። ማሳው በየዓመቱ እየራቀን ሲሄድ፣ ሳያልቅ አንድ ጥሩ የሳተላይት ምስል ልሥራለት ብዬ ተነሳሁ።

መረጃው በነጻ ይገኛል። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች በ5 ቀን አንዴ በላያችን ያልፋሉ፤ ሁልጊዜ ረፋድ ላይ፣ 4 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል። አንዷ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ፣ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ችግሩ ደመና ነው። ክረምቱን ሙሉ አንድም ጥርት ያለ ምስል አላገኘሁም።

መላው የታወቀ ነው። የዓመቱን ምስሎች ትደራርባላችሁ። ለእያንዳንዷ ፒክስል ዋጋዎቹን (ምን ያህል እንደደመቀች የሚናገሩትን ቁጥሮች) ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፋችሁ መሃለኛውን ትወስዳላችሁ። ደመና በጣም ነጭ፣ ጥላው በጣም ጥቁር ስለሆነ ሁለቱም ዳር ይቀራሉ። ፋይሎቹን ላውርድ አላልኩም፤ መብራቱም ኔቱም አያስተማምንም። የሳተላይት ምስሎችን በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ በሚያሰላው ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ ኮዱን ጻፍኩ፣ ስሌቱ እዚያው አለቀ።

ደመና የሚባል የለም! ደስ ብሎኝ አሳተምኩትና ከሰፈራችን ጀርባ ለሚያርሱ አባት ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ዞር ዞር አድርገው አዩት። መንገዱን አገኙት። ከዚያ ጣታቸውን ማሳቸው ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ጤፉስ የታለ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጥርት ያሉት ቀናት አብዛኞቹ የበጋ ናቸው። መሃለኛው ዋጋ ታዲያ የታጨደ ማሳ፣ የተሰነጣጠቀ መረሬ (ጥቁር አፈር) ሆነ። ጤፉን ከደመናው ጋር ዳር አስቀርቼዋለሁ።

ስለዚህ ጊዜውን አጠበብኩት፤ ከመስቀል ማግስት እስከ ኅዳር አጋማሽ ብቻ። ያኔ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጤፉም ገና አልታጨደም። ምስሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ግን መሃለኛው ብቻውን አልበቃም፤ ከመረጃው ጋር የሚመጣውን የደመና መለያ ጨመርኩ። አሁን ደግሞ አዲሶቹ ሰፈሮች ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኑ። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀዳዳዎቹ አራት ማዕዘን ናቸው። ለካ አዲስ ቆርቆሮ ነው! ከማብረቅረቁ የተነሳ መለያው ደመና መስሎት ቆርጦ ጥሎታል። ደመና ቦታ ይቀያይራል፣ ጣሪያ ግን የትም አይሄድም። በሁሉም ቀን «ደመና» የተባሉትን ፒክስሎች መልሼ አስገባኋቸው።

ከሁሉ ያደከመኝ የ2012ን ጥቅምት ከ2016ቱ ጥቅምት ጋር ማነጻጸሩ ነው። የኋለኛው ነጣ ብሎ፣ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ወጣ። ሁለት ሌሊት ኮዴን ስፈትሽ አደርኩ። ኮዱ ምንም አልሆነም። ከጥር 17 ቀን 2014 (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 25፣ 2022) ወዲህ በሚዘጋጁት የሴንቲኔል-2 ምስሎች ዋጋ ላይ 1000 ይደመራል። ከአዲሶቹ ላይ ያንን መቀነስ፣ ወይም አስቀድሞ የተስተካከለውን ስብስብ መጠቀም ነው። ዓመታትን የምታነጻጽሩ ከሆነ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ሁለቱን ምስሎች ይዤ ተመለስኩ። አባባ በ2012ቱ ላይ ማሳቸውን ወዲያው አገኙት። «ይሄ የኔ ነው። ይሄኛው የወንድሜ ነበር» አሉ። ከዚያ ያንኑ ቦታ በ2016ቱ ላይ ፈለጉት። ጣታቸው ያረፈው መልሼ ካስገባኋቸው ቆርቆሮዎች አንዱ ላይ ነው።