ቁራኛ

ማክሰኞ ዕለት ክስ ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ክሱ የ32,000 ብር ነው። የመዝገብ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ጽፌ ይዤዋለሁ፤ ያን ማታ ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት።

የከሰስኩት ጓደኛዬን ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ኖረናል። ልጇን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። እኔ ታምሜ ስተኛ አጥሚት አፍልታ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር አሳ ጠብሳ ለመሸጥ ስትነሳ የፍሪጅ መግዣ አነሳት። እኔ ደግሞ ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። 38,000 ብር አበደርኳት።

ወረቀት ይጻፍ ያልኩት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት። "ተይ እንጂ፣ በእኔና በአንቺ መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?" አልኳት። "አይሆንም እህቴ፣ ሞትም ሕይወትም አለ። ነገ እኔ ባልኖር ገንዘብሽን ማን ይሰጥሻል?" አለችኝ። ከልጇ የሒሳብ ደብተር አንድ ሉክ ገነጠለች። ራሷ ጽፋ ራሷ ፈረመች። የአከራያችን ባለቤትና ወንድሜ ምስክር ሆነው ፈረሙ። እስከ ጥር 30 ትመልሳለች ይላል።

በሁለት ዙር 6,000 ብር መለሰች። ከዚያ ዝም። ገበያ እንደ ድሮው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐይቁ ዳር እንግዳ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዱት እንደ እሷ ያሉት ናቸው። የለኝም፣ ታገሺኝ ብትለኝ እታገሥ ነበር። እሷ ግን ስልክ ማንሳት ተወች። ዓባይ ማዶ ቤት ስትቀይር የሰማሁት ከሰው ነው። አንድ ቀን ዘንባባዎቹ ሥር ፊት ለፊት ስንገጣጠም መንገድ ተሻግራ ሄደች። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለብሩ አልነበረም ያለቀስኩት።

አያቴ ስለ ቁራኛ ታወራን ነበር። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠር ነበር። በዕዳ የተያዘ ሰው ደግሞ ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ልጅ ሆኜ የማዝነው ለአበዳሪው ነበር። ገንዘቡን የተበላው እሱ፣ አብሮ የሚታሰረውም እሱ፤ ምን በወጣው? ዘንድሮ ነገሩ በራሴ ደረሰ። ጊዮርጊስ ስሳለም እንኳ ዓይኔ ሰው መሀል እሷን ይፈልጋል። አሳ መብላት ትቼ ነበር። ሌሊት ብንን እልና የምላትን እደረድራለሁ። እሷ ዓባይ ማዶ ተኝታ እኔ ከእሷ ጋር አድራለሁ።

ሽማግሌ ልኬያለሁ። የዕድራችን ዳኛና የንስሐ አባቷ ሁለት ጊዜ አገናኙን። በሁለቱም ጊዜ ቀን ቆረጠች፣ በሁለቱም አልከፈለችም። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አልመጣችም። ሕግ የሚማረው የአክስቴ ልጅ "አትቸኩይ፣ ይርጋው፣ ማለትም መክሰስ የምትችይበት ጊዜ፣ 10 ዓመት ነው፤ ጊዜ አለሽ" አለኝ። 10 ዓመት! እኔ አንዱን ዓመት እንኳ እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዚአብሔር ያውቃል። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ አሉ። ላፕቶፓቸው ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሽበት የወረሳቸው፣ የረጋ ሰው ናቸው። ታሪኬን ከአጥሚቱ ጀመርኩላቸው። ትንሽ ሰሙኝና በቀስታ አቋረጡኝ። "ልጄ፣ ዳኛው ስንት ብር፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ ነው የሚልሽ። እሱን ንገሪኝ።"

"ወረቀት አለኝ ጋሼ።"

ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2472 ነገሩኝ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ስንቱ ሰው አሥር ምስክር ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ነገሩኝ። ባንክ ለባንክ ያስተላለፈም ቢሆን ደረሰኙ ገንዘቡ መሄዱን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርለትም። እኔ በእምነት ስም ወረቀቱን እምቢ ብዬ እንደነበር ሳስብ ደነገጥኩ። መብቴን ያቆየችልኝ እሷው ራሷ ናት።

"የተከፈለ አለ?" አሉኝ። 6,000 አልኳቸው። "ደረሰኝ ሰጥተሻታል?" አልሰጠኋትም። "ቢሆንም ይጻፍ" አልኩ። "ወለድስ? ከዘገየበት ቀን ጀምሮ በሕግ የሚታሰብ አለ፣ በዓመት 9 በመቶ።" አልፈለግኩም። "በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284፣ በአጭር ሥነ ሥርዓት ላድርገው? ከቃለ መሐላሽ ጋር ይቀርባል፤ እሷ ፍርድ ቤቱን ሳታስፈቅድ መከራከር አትችልም።" እሱንም ተውኩት። የምትለው ካላት ትበል። ዓመት ሙሉ ስፈልግ የኖርኩት አፏን ከፍታ እንድታናግረኝ ነው።

"የተከሳሽ ስም እስከ አያት።" እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት አብሬያት ቡና የጠጣኋት ሰው የአያቷን ስም አላውቅም። ደግነቱ ወረቀቱ ላይ ሦስቱንም ስም ጽፋዋለች።

የግማሽ ሰዓቱ ታሪኬ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። መጨረሻው ላይ "ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ" ይላል። ከመፈረሜ በፊት ደግሜ አነበብኩት። መንገድ ተሻግራብኝ መሄዷ የለበትም። ማልቀሴም የለበትም። ቀለል አለኝ።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ዋናውን ወረቀት ከፎቶ ኮፒው ጋር ልታመሳክር ስትገለብጠው ከጀርባው የሕፃን ጽሑፍ አለ። የማካፈል ሒሳብ ነው፤ ግማሹ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ላይ የመምህር ቀይ ምልክት አለ። "ይሄ የማስረጃው አካል ነው?" አለችኝ። "አይደለም እህቴ፣ የልጇ የቤት ሥራ ነው።" የዳኝነቱን ክፍያ ከፈልኩ፣ ቁጥር ተሰጠኝ። በማግስቱ መጥሪያ አውጥተው እንዳደርስ ሰጡኝ።

ዛሬ ከሰዓት ወንድሜን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ጠርዙ ላይ ተደርድረዋል። እሷ ጎንበስ ብላ ቆሮሶ ትጠርጋለች። እጇ እስከ ክርኗ ቅርፊት ብቻ ነው። ስታየኝ ቢላዋውን አስቀመጠች። አልሸሸችም። እጇን ታጥባ በቀሚሷ አደረቀችና ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። መጀመሪያ መጥሪያውን፣ ቀጥሎ ክሱን። አንድ መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

"6,000ዋን ጽፈሽልኛል" አለች።

"ከፍለሽ የለ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓመት ሆኖን ነበር እንዲህ ከተያየን። ወንድሜ እስክሪብቶ አቀበላት። መጥሪያውን የፍሪጁ ክዳን ላይ ዘርግታ ፈረመች። ያው ደብተሩ ሉክ ላይ ያለው ፊርማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ረዥም ጭራ አለው። ወረቀቱ ትንሽ ረጠበ።

"መቼ ነው?" አለች።

"የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት።"

"እመጣለሁ" አለችኝ።