ጃንሆይ ፈረዱልኝ

ጠበቃ ነኝ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ያልተለየኝ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሽፋኑ ተገንጥሏል። አንቀጽ 183 ላይ ስደርስ ግን ሁሌ ፈገግ እላለሁ። ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት ከማለት የሚከለክለው የለም ይላል። ንጉሡ ከወረዱ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል!

ዙፋን ችሎት የሚባለው ይኸው ነው። ከዳኞች ሁሉ በላይ ንጉሡ ራሳቸው የሚፈርዱበት። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይላል የአገሬ ሰው። ንጉሡን መክሰስ ባይቻልም፣ ዳኛውን ንጉሡ ፊት ማሳጣት ግን ይቻል ነበር።

ከድሮው ችሎት አንድ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ፍርድ ሲሰጥ ሐሳቡን መጀመሪያ የሚናገረው በማዕረግ ትንሹ ነው። ከዚያ እርከን በእርከን ወደ ላይ ይወጣል። ለምን ቢሉ፣ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ምን አፍ አለው? "ጌታዬ እንዳሉት" ብሎ ቁጭ ነው። አባቶቻችን ፍርሃትን አሳምረው ያውቁታል፤ መላም አበጁለት። ችግሩ መላው የሚሠራው እስከ ዙፋኑ እግር ድረስ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው። ትንሹም ቢሆን እየተናገረ የማንን ፊት እንደሚያይ አይጠፋንም።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጣ። ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ ናቸው፣ ከሕግ በቀር ለማንም አይገዙም አለ። ሸጋ ነው። ግን ያው ሰነድ ዳኛን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፣ ፍርዱም የሚሰጠው በስማቸው ነው ይላል። ሹመቱ ከእሳቸው፣ የመጨረሻው አቤቱታም ወደ እሳቸው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነጻ ሁኑ!

ሕዝቡ ዙፋን ችሎትን ይጠላ ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ይወደው ነበር። ማመልከቻውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ "ጃንሆይ!" እያለ የሚጮኸው ገበሬ ሞኝ አልነበረም። ጉቦ የበላ ዳኛ አይቷል፣ የባላባት ዘመድ የሆነ ዳኛ አይቷል። ተስፋው እውነተኛ ነበር። ብቻ ንጉሡ አንድ ፍርድ ባቃኑ ቁጥር የዳኛው ወንበር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

የእናቴ አባት መንዝ ውስጥ የድንበር ሙግት ነበረበት። የመጀመሪያው ዳኛ እርሻው ድረስ ወርዶ፣ ሽማግሌ ጠይቆ፣ ድንበሩን በእግሩ ዞሮ ፈረደለት። ይግባኝ ሰሚው ሻረው። አያቴ ስንቁን ቋጥሮ አዲስ አበባ ገባ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ጉዳዩ ዙፋን ችሎት ደረሰና የመጀመሪያው ፍርድ እንዳለ ጸና። እስኪሞት ድረስ ወሬው "ጃንሆይ ፈረዱልኝ" ነበር። የዚያን ዳኛ ስም ብጠይቀው ግን "ኧረ እሱማ፣ እዚያው ያለ አንድ ሰው ነው" አለኝ።