ጋሽ ደበበና ያልደረስንበት መድረክ

ሰሞኑን «ቀይ ቅጠሎች»ን ድጋሚ አየሁት። ባዚ ጌቴ እስራኤል ውስጥ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ፊልም ነው። ደበበ እሸቱ ሚስቱ የሞተችበት የ74 ዓመት ቤተ እስራኤላዊ ሆኖ ይጫወታል። ሰውየው ቤቱን ሸጦ ልጆቹ ዘንድ ሊኖር ይወስናል። ልጆቹን ማን ጠየቃቸው?

ብዙ አያወራም። ካሜራው ሥር ሥሩ እያለ ይከተለዋል፣ ፊቱ ላይ ይቆያል፣ እሱ ዝም። ግን ዝም ሲል እንኳ መቀየሙ ይታወቅበታል፤ የኛ አባቶች ሲያኮርፉ እንደዚያ ናቸው አይደል?

የገረመኝ ይሄን የሚያደርገው መድረክ ያሳደገው ሰው መሆኑ ነው። መድረክ ላይ መጨረሻው ወንበር ላይ ላለው ሰው ሁሉ መድረስ አለብህ። ድምፅህም፣ እጅህም፣ አረማመድህም ጎላ ይላል። የቲያትር ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ለዚህ ነው (ስም አልጠራም፣ ተከታታይ ድራማ የሚያይ ያውቃቸዋል)። ጋሽ ደበበ ያን ሁሉ ጉልበት አምቆ ይዞታል።

ወጣትነቱንም ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተውኗል። ከፊሉ እዚሁ አገራችን የተቀረጸ ነው። ፊልሙን ብዙም አልወደድኩትም፣ ያገር ልጅ እዚያ መሀል ሲታይ ግን ደስ ይላል።

በሁለቱ ፊልሞች መካከል 41 ዓመት አለ። የኔ ብስጭት እዚህ ጋ ነው። ሃንጋሪ ሄዶ ትወና የተማረ፣ ከነወጋየሁ ንጋቱ ጋር የጸጋዬ ገብረመድኅንን ተውኔቶች የተጫወተ ሰው ነው። ያኔ ያዩት ሲያወሩ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ለኔ የደረሰኝ ግን ጥቂት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው።

ወጋየሁን እንኳ ሬዲዮ አተረፈው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ጉዱ ካሳ ሌላ ሰው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሌላ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ስልካችን ላይ አሉ። እሱም ቢሆን ድምፁ ነው የተረፈልን፣ መድረክ ላይ እንዴት ይቆም እንደነበር የሚያሳየን የለም።

ስለ ጋሽ ደበበ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ፖለቲካ ይሄዳል። እውነት ነው፣ በ1997ቱ ምርጫ በተቃዋሚው ቅንጅት ውስጥ ነበር፣ ከምርጫው በኋላ ታሰረ፣ ከዓመታት በኋላም ደግሞ ታሰረ። ቀላል ነገር አይደለም። ግን እሱን እያወራን ትወናውን እንረሳለን፣ እኔን ይሄ ነው የሚከነክነኝ።

አሁን ለአንድ ሠርግ ስንት ካሜራ በሚደረደርበት ጊዜ፣ አንድ ተውኔት ከመድረክ ከመውረዱ በፊት አንዴ በደንብ ቢቀረጽ ምን ይጎዳል? ተመልካች ይቀርብናል የሚሉ አሉ። እሺ፣ ቲያትሩ ከወረደ በኋላ ይልቀቁት።