የካባ ትርፍ ድንጋይና ፑሚስ፦ እስካሁን የደረስኩበት

አዳማ ዙሪያ ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) ያየ ሰው ያውቀዋል። ጠንካራው ድንጋይ ተፈጭቶ ጠጠር ሆኖ ይጫናል። የላላውና አቧራ የበዛበት ጥግ ላይ ይከመራል። እኔ እየሞከርኩ ያለሁት ይህን ክምር ኮንክሪት ውስጥ በጠጠር ምትክ አስገብቼ፣ የሚጎድለውን ጥንካሬ በተፈጨ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ማካካስ ነው።

ትርፍ ድንጋይ ውሃ ይመጥጣል። አቧራው ደግሞ ሲሚንቶው ድንጋዩን እንዳይዝ ያደርጋል። ኮንክሪት ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ጠጠሩን በከበበው ስስ ንጣፍ ላይ ነው። ውፍረቱ ከሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ አይበልጥም፤ ግን ውሃ የሚጠራቀመውና ክፍተቱ የሚበዛው እዚያ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን አጥቤ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ላዩ ሲደርቅ ነው የማቦካው።

ፑሚሱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ከማጣበቂያው ሌላ ኖራ ያወጣል። ኖራው ለጥንካሬ ብዙም አይረዳም። ፑሚስ ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ በፍጥነት የቀዘቀዘ ብርጭቆ ነው። እንደ ሲሚንቶ ከላመ ያንን ኖራ ይዞ ተጨማሪ ማጣበቂያ ያደርገዋል። ለብሎኬት የምንገዛው ሻካራ ፑሚስ ይህን ሥራ አይሠራም፤ መፈጨት አለበት።

የሲሚንቶ ምርጫ ላይ አደራ! ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ ፖዞላን (እንደ ፑሚስ ከኖራው ጋር የሚዋሃድ ዱቄት) ቀድሞ ገብቷል። በላዩ ላይ ፑሚስ ከጨመራችሁ ስንት በመቶ እንደሞከራችሁ አታውቁም። እኔ ኦፒሲ (ፖዞላን ያልገባበት ተራ ሲሚንቶ) ብቻ ነው የምጠቀመው። ከክብደቱ 20 በመቶውን በፑሚስ እተካለሁ። ቁጥሩ ኤኤስቲኤም ሲ618 ከሚባለው የአሜሪካ የጥራት መለኪያ የመጣ ነው። በዚያ መለኪያ ፑሚስ የተተካበት ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) በ7 ወይም በ28 ቀን ከንጹህ ሲሚንቶው ጥንካሬ ቢያንስ 75 በመቶ መድረስ አለበት።

ፑሚስ ያለባቸውንና የሌለባቸውን የኮንክሪት መሞከሪያ ኪዩቦች አወዳደርኩ። ሲሰበሩ፣ በ7 ቀን ፑሚስ ያለበት በግልጽ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። በ28 ቀን ልዩነቱ ጠበበ። በ56 ቀን ፑሚስ ያለበት አለፈ። ስለዚህ በ7 ቀን ውጤት ተስፋ አትቁረጡ።

ከቁጥሩ በላይ ደስ ያለኝ ስብራቱ ነው። ያለ ፑሚስ የተሠራው በድንጋዩ ዙሪያ ተላቀቀ። ፑሚስ ያለበት ግን ድንጋዩን ራሱን ሰንጥቆ አለፈ። ማጣበቂያው በረታ ማለት ነው። አሁን ደካማው ድንጋዩ ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ዱቄት አያጠነክረውም። በዚህ ምክንያት ለብሎኬትና ለግቢ ንጣፍ እንጂ ለኮለን (ለምሰሶ) አልመክረውም።

ውሃ ማጠጣቱን ቸል አትበሉ። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ኮንክሪቱን ቶሎ ያደርቀዋል፤ የፑሚስ ሥራ ደግሞ ቀስ ያለ ስለሆነ እርጥበቱ መቆየት አለበት። እርጥብ ጆንያ አልብሼ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ።

ቀጥሎ የወርቅ ማዕድን ትርፍ ድንጋይ መሞከር እፈልጋለሁ፤ ግን የላብራቶሪ ውጤቱን ሳላይ አልነካውም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ፒራይት (ብረትና ሰልፈር ያለበት ማዕድን) ሊኖረው ይችላል። ፒራይት አየርና እርጥበት ሲያገኝ ሰልፌት ይሆንና ኮንክሪቱን ከውስጥ ያሳብጠዋል። የአውሮፓ ስታንዳርድ ለጠጠር የሚፈቅደው ጠቅላላ ሰልፈር እስከ 1 በመቶ ነው፤ ፒሮታይት የሚባለው የፒራይት ዘመድ ካለበት ደግሞ እስከ 0.1 በመቶ ብቻ። ወርቅ ከሚወጣበት ከሻኪሶ አካባቢ የተመረመረ ናሙና ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እናቡካው።